ስድስት ሴንቲ ሜትር የጎደለው ገንዳ

ሃምሳ ሜትር ለመዋኘት አሥራ ስድስት ዓመት የፈጀባት ሴት አለች። ነገሩ ስድብ ይመስላል እንጂ የሥራዋ ትክክለኛ መግለጫ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቷ ገብታ ሃያ ሰባት እስክትደፍን ከገንዳው አንዱ ጫፍ ተነሥታ ሌላውን ጫፍ በእጇ መንካት ስትማር ኖረች። ነጻ ቀዘፋ፣ ባንድ ትንፋሽ፣ ዞሮ መመለስ የለም። የውድድሮቿ ሰዓት ሁሉ ቢደመር የፌዴሬሽኑን ሊቀመንበር የአንድ ንግግር መግቢያ አያህልም። ልዩነቱ እሷ ስትጨርስ የሆነ ቦታ መድረሷ ነው።

ኩርፊያ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሰዓት ያዦቹ ናቸው፤ ግድግዳውን ነክታ ቀና ስትል ፊቷ የተበደለ ሰው ፊት ነዋ! ብታሸንፍም ያው፣ ብትሸነፍም ያው። «ደግሞ ዛሬ ማን ነካሽ?» ሲሏት «አርባኛዋ ቀዘፋ ዘገየች» ትላለች። ከመነሻው እስከ ግድግዳው አርባ ቀዘፋ ነው፤ በአርባኛው ክንዷ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ጣቷ ሰድሩን ይነካል። ሰው በጨለማ የቤቱን ደረጃ ቆጥሮ እንደሚወጣ፣ እሷም ይህን ቁጥር ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች።

አባቷ የገንዳው የፓምፕ ሠራተኛ ነው። ክሎሪን የሚጨምረው እሱ፣ ማጣሪያ የሚያጥበው እሱ፣ ውሃው አረንጓዴ ሲሆን የሚሰደበውም እሱ፤ ውሃው ሲጠራ የሚመሰገነው ግን ሊቀመንበሩ። ሊቀመንበሩ ወደ ዋና የመጣው ከቧንቧ መሥሪያ ቤት ነው። «ከውሃ ጋር የሠላሳ ዓመት ልምድ አላቸው» ተብሎ ተሾመ። ሐሰት አይደለም፤ ብቻ ውሃው ቧንቧ ውስጥ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ገንዳው ይታደስ ተባለ። ትልቅ እንግዳ መጥቶ ሊመርቀው ነው። ግንበኞቹ አሮጌው ሰድር ተፈንቅሎ ካልወጣ አይሆንም፣ ሥራው ሁለት ወር ይፈጃል አሉ። እንግዳው የሚመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው።

«ታዲያ ምን አስፈነቀላችሁ?» አለ ሊቀመንበሩ፤ «በላዩ ላይ ለጥፉበት!»

ለጠፉበት። በዚህኛው ጫፍ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲሚንቶና ሰድር፣ በዚያኛውም ጫፍ ሦስት። ገንዳው አብረቀረቀ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ እንግዳውም የእጃቸውን ጣት ነከር አድርገው «ግሩም ነው» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ የማይፈጥን ዋናተኛ ጠፋ። ትናንት ውሃ ሲውጥ የነበረው ሁሉ ዛሬ ሪከርድ ሰባሪ ሆነ። ሊቀመንበሩ በየስብሰባው «ይህ የእድሳቱ ፍሬ ነው» ይል ነበር። በሕይወቱ ከተናገራቸው እውነቶች ትልቁ ይኸው ነው፤ ያውም ሳያውቀው።

ኩርፊያን ብቻ አልተመቻትም። አሠልጣኟ ፊሽካ ከአንገቱ ስለማይወርድ ፊሽካው ይባላል።

«ጋሼ፣ ግድግዳው እየቀደመኝ ነው» አለችው።

«ግድግዳ አይቀድምም። አንቺ ፈጥነሽ ነው።»

«አርባኛው ላይ ክንዴ ሳይዘረጋ ይነካል እኮ። ክርኔ ታጥፎ!»

«በነጻ ሲሰጡት የሚያኮርፍ ሰው ገና አንቺን አየሁ።»

«ሜትር ያምጡና እንለካው።»

«ተዪ እስቲ! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

ተወችው። ይህ የራሷ ጥፋት ነው፤ ማንም አይሸፍንላት። «ፈጥነሻል» የሚለው ቃል ለጆሮዋ ጣፈጠ፤ ክርኗ የሚነግራትን አልሰማ አለች።

በዚህ ዓመት ሐኪሙ ትከሻዋን አገላብጦ አየና «ይህን ወቅት ዋኚ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ለገላ መታጠቢያ ብቻ ነው» አላት። ውጭ አገር የሚደረገው ትልቁ ውድድር እንግዲህ ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም። ለመሳተፍ የሚጠየቀው ሰዓት፣ ሚኒማው፣ ሃያ ስድስት ሴኮንድ ከአሥር መቶኛ ነው። እዚሁ ገንዳ በተደረገው የአገር ሻምፒዮና ሃያ ስድስት ከስምንት መቶኛ ገባች። ሊቀመንበሩ መድረክ ላይ ወጥቶ «ዋኘን! አሸነፍን!» አለ፤ ካልሲው እንኳ ሳይርስ።

በሳምንቱ ከውጭው ውድድር አዘጋጆች ደብዳቤ መጣ። ገንዳው በቀያሽ ተለክቶ፣ ልኩ ተፈርሞበት በዘጠኝ ቀን ይላክልን ይላል።

በማግስቱ ማለዳ አባትና ልጅ የብረት ሜትር ዘርግተው ለኩ። አባት አንዴ አነበበ። መነጽሩን ወልውሎ ደገመ።

«አርባ ዘጠኝ ከዘጠና አራት።»

«ሜትሩ ይሆናላ፣ አባዬ፤ አርጅቷል።»

«ሜትሩስ ደህና ነው፣ ልጄ።»

ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ሁለት ጣቱን አቀራርቦ፣ «ስድስት ሴንቲ! ይቺም ጉድለት ሆና? ሃምሳ ነው ብዬ እፈርማለሁ» አለ።

«የሚፈርመው ቀያሽ ነው» አለች ኩርፊያ።

«ቀያሹን እናነጋግረዋለን።»

ቀያሹ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። «እኔን ማነጋገር ይቻላል፣ ክቡር ሊቀመንበር። ሜትሩን ማን ያነጋግርልኛል?»

አንዱ የቦርድ አባል እጁን አወጣ። «ስድስት ሴንቲ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ብትነሣስ?»

«ከመነሻው ኋላ ምን አለ? አየር ላይ ልቁም?» አለች ኩርፊያ።

ሌላው ሲሚንቶ ብርድ ሲመታው እንደሚሸበሸብ ከአጎቱ መስማቱን ተናገረ። በመጨረሻ የጉድለቱን መንስኤ አጥንቶ በሦስት ሳምንት የሚያቀርብ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ።

«ቀነ ገደቡ እኮ ስምንት ቀን ነው የቀረው!»

«ልጄ፣ ጥናት አይቸኮልም» አለ ሊቀመንበሩ በአባትነት ድምፅ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ስምንት መስመር ሙሉ ውሃ ይዘው ነው የሚወቅጡት።

ኩርፊያ በሩን ወርውራው ወጣችና ቀጥታ ወደ ፓምፕ ክፍል ወረደች።

«አባዬ፣ አንድ ሜትር ውሃ አጉድልልኝ።»

«በማን ትእዛዝ?»

«በልጅህ።»

ሰውየው ሠላሳ ዓመት ያለ ወረቀት ቧንቧ ከፍቶ አያውቅም። የልጁን ፊት አየ። ከዚያ መዝገቡ ላይ «ለአስቸኳይ ጥገና» ብሎ በጥንቃቄ ጻፈና የቧንቧውን መዝጊያ በሁለት እጁ ጠመዘዘው።

አራተኛውን መስመር ብቻ ነው የያዙት፤ ሁለቱን ጫፍ። በመሮና በመዶሻ አዲሱን ሰድር ከነሲሚንቶው እየፈነቀሉ ወደ አሮጌው ግድግዳ ወረዱ። ገና ሩብ ሰዓት ሳትመታ አባቷ መዶሻውን ነጠቃት።

«ትከሻሽን ለድንጋይ ልትጨርሺው ነው? ወዲያ በይ!»

አሠልጣኙ ፊሽካውን እየነፋ ሮጦ ደረሰ። «አብዳችኋል? የሕዝብ ንብረት እኮ ነው!»

«ይለኩት ስልዎት ቢለኩት ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር» አለች፤ ቀና ብላም አላየችው።

 ፊሽካው ጃኬቱን አወለቀና ስብርባሪውን በአካፋ ይዝቅ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ውሃው ተመለሰ። ቀያሹ መስመሩን ለክቶ «ሃምሳ ሜትር ከአንድ ሴንቲ» አለና ፈረመ። የአባቷ እጅ ከብዶ አሮጌውንም ግድግዳ ትንሽ ልጦት ኖሯል። ማጠር እንጂ መርዘም አያስቀጣም።

ሰዓቷ ግን ተሰርዟል፤ እንደገና መዋኘት አለባት፣ ያውም ሦስት ሰዓት ያዦች ቆመው፣ መካከለኛው ሰዓት እንዲያዝላት። መነሻው ላይ ወጥታ፣ ውሃ ከጀርባዋ እየተንጠባጠበ፣ ነፋሱ እየገረፋት ስትጠብቅ ሊቀመንበሩ ማይክ ይዞ ተነሣ። «በዚህ ታሪካዊ አጋጣሚ...» እያለ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ፊሽካው ዓይኑን ጨፍኖ የመነሻውን ፊሽካ ነፋ።

ዘለለች። ሠላሳ ላይ ትከሻዋ እንደ እሳት ለበለባት። ሠላሳ ስምንት ላይ ትንፋሿ አለቀ። አርባኛው ላይ ክንዷ እስከ ጫፉ ተዘረጋና ጣቷ አሮጌውን ሰድር ነካ።

«ሃያ ስድስት ከዘጠኝ መቶኛ» አለ አንደኛው ሰዓት ያዥ።

«ከአሥራ ሁለት» አለ ሁለተኛው።

ሦስተኛው ሰዓቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ተጨነቀበት። «ተናገር እንጂ፣ ልታፈነዳን ነው?» አለ አባቷ።

«ከአሥር። ሃያ ስድስት ከአሥር።»

መካከለኛው እሱ ነው። ሚኒማው ላይ ልክክ አለ፤ አንዲት መቶኛ አልተረፈም፣ አልጎደለም። ኩርፊያ የገንዳውን ጠርዝ ይዛ አናቷን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ ፊቷ ያው ነው።

ሊቀመንበሩ ቅር ብሎታል። «ካለፈው እኮ በሁለት መቶኛ ዘገየሽ፣ ልጄ። ለሕዝቡ ምን ልንል ነው?»

«ገንዳው ረዘመ በሏቸው!» አለችና እርጥብ እጇን ዘረጋች። «የሰዓቴን ወረቀት ግን አሁኑኑ ይፈርሙልኝ።»

ፈረመ። እሷ ያለችው ለስድብ ነበር፤ እሱ ግን ቃሏን በማስታወሻው ላይ ሲጽፍ ፊሽካው አይቶታል።

በማግስቱ አባትና ልጅ ፓምፕ ክፍል ሆነው ሬዲዮ ሰሙ። በሊቀመንበሩ ብርቱ አመራር የመዋኛ ገንዳው አራተኛ መስመር በስድስት ሴንቲ ሜትር ማደጉን፣ ቀሪዎቹ ሰባት መስመሮችም በሚመጣው ዓመት ተመሳሳይ ዕድገት እንደሚያስመዘግቡ ተነገረ። አባቷ ቧንቧውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ኩርፊያ አልሳቀችም። «ሰባት ነው!» ብላ ሬዲዮኑ ላይ ጮኸች። «ከዘጠና አራት እስከ ሃምሳ ከአንድ ሰባት ሴንቲ ነው! መቀነስ እንኳ የሚችል የለም?»