የተነካች ንግሥት

«ነክተዋታል፤ እሷን ይጫወቱ።»

«አሰብኩ እንጂ አልተጫወትኩም።»

«በጣትዎ አንሥተዋታል፣ አዛዥ። በቼዝ የተነካ ይሄዳል።»

«ይሄ እኮ እስር ቤት ነው።»

«ገበታው ግን የቼዝ ነው።»

የታሰርንበት ክፍል የትምህርት ቤት ነበር። ወንበሮቹን አውጥተው እኛን አስገቡበት፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ መልስ ያልተሰጠው የሒሳብ ጥያቄ እንደተጻፈ ቀርቷል። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ባነበብኩት ግጥም ነው የገባሁት። አዛዡን የሚሞግቱት ሰውዬ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ደጀን ላይ የጫኗቸው ሰዎች ተፈላጊ ናቸው ተብሎ ተያዙ።

ቼዝ የጀመሩት አርባን ካለፉ በኋላ ነው። የዓባይ በረሃ መንገድ ተዘግቶ መኪና ደጀን ላይ ተሰልፎ ሲውል፣ መሪው ላይ ተደግፈው በስልካቸው ተማሩት። በልጆቻቸው ዕድሜ ያሉትን እያሸነፉ መጡና ለማስተር ማዕረግ አንድ ውድድር ብቻ ቀራቸው። እሑድ አዲስ አበባ ይጀመራል።

አዛዡ ይህን ያውቃል። ጠዋት ገብቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ እንጫወት። ጨዋታው ደስ ካሰኘኝ ዓርብ ይሄዳሉ» አላቸው። ምን ደስ እንደሚያሰኘው ሁላችንም ገባን።

ገበታው ሲሚንቶው ላይ በከሰል የተሰመረ ነው። ወታደሮቹና ፈረሶቹ የለስላሳ ቆርኪ፣ የአዛዡ ንግሥት የውሃ ጠርሙስ ሰማያዊ ክዳን። ያቺን ክዳን ነው አንሥቶ መልሶ ያስቀመጣት። የትም ብትሄድ ከመበላት አታመልጥም።

«ጋሼ፣ ይለፉት» አልኳቸው በጆሯቸው።

ከሽንት ባልዲው አጠገብ የተቀመጠ፣ ከአማኑኤል ከተማ የመጣ ገበሬም፣ «ኧረ ለአንዲት ክዳን ብለው?» አለ።

አላለፉትም። አዛዡ ክዳኗን ገፋት፤ በፈረሳቸው በሏት።

«ውድድሩ ቀረብህ፣ ሽማግሌ» አለ። አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ።

«እዚህ ካለፍኩልዎ፣ እዚያ በምን እጄ እጫወታለሁ?»

ውድድሩ አለፈ። ከተፈታን በኋላ ሌላ ሲመጣ መንገድ ተዘጋ፤ ከዚያ ቀጥሎ ሲመጣ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። በቅርቡ ደጀን ላይ አገኘኋቸው። ተራ እየጠበቁ ነው፤ ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ። ስለ ነዳጅ አወራን። ስለ ቼዝ እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ይህን ስነግረው፣ «ክብራቸውን ግን አልሸጡም» የሚለኝ ሰው አለ። እውነት ነው። ማዕረጉ ግን የለም፤ ክብርን የሚመዘግብ ውድድርም አላውቅም። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ እንዳያስቀይም ብዬ አንድ ስንኝ ልሰርዝ ስል የሚታየኝ የእሳቸው እጅ ነው።

ያን ቀን አዛዡ ሲነሣ፣ ጨዋታ ሲያልቅ እንደ ደንቡ፣ ያን እጅ ለሰላምታ ዘረጉለት። እጃቸውን አየ። ጎንበስ ብሎ ሰማያዊዋን ክዳን ከሲሚንቶው አነሣና ኪሱ ከተታት። ወጣ። እጃቸው እንደተዘረጋ በሩ ተዘጋ።