የአዴ ሞሚና ማራገቢያዎች

ይህንን የምጽፈው ጎረቤቴን አዴ ሞሚናን በአደባባይ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የንባብ ክበባችን የመጀመሪያ ውይይቱን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አካሄደ። አዳራሹን ያዋሱን ሰው «አሥር ሰው እስከ መጨረሻው ካልቆየ ተመልሶ መጋዘን ይሆናል» ብለውን ነበር።

የንግግሬ ርዕስ «ተስፋ» ነበር። አዴ ሞሚና ዘንቢል ሙሉ የእጅ ማራገቢያ ይዘው ሲመጡ፣ «ቬንቲሌተር አለን፤ እባክዎ የሰዉን ሞራል አይንኩብኝ» አልኳቸው።

«አቦ፣ ተስፋ ይኑርሽ፤ መብራቱ ግን ይሄዳል» አሉኝ።

ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ሄደ። የድሬን ሙቀት ለምታውቁ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ሁሉም በሩን ማየት ጀመረ።

አዴ ሞሚና በሩን ዘግተው ቆሙና ማራገቢያ አደሉ። «አቦ ቁጭ በሉ! ማራገቢያዬን ሳይመልስ የሚወጣ የለም፤ የምቀበለው ደግሞ እሷ ስትጨርስ ነው!»

አሥራ ሁለቱም ታዳሚዎች ቆዩ፤ አዳራሹም ተረፈልን። (ያቆያቸው ንግግሬ ነው የሚለውን እምነቴን ግን ገና አልተውኩም።)

በመውጫው ግርግር አንድ ማራገቢያ ጎደለ። አዴ ሞሚና «በቃ ሄዷል» ይላሉ፤ እኔ «እስከ ሐሙስ ቀትር ይመለሳል» ብዬ ተከራክሬአለሁ።

እናንተንስ እንዲህ ያለ ተጠራጣሪ ሰው አድኗችሁ ያውቃል? ከታች ጻፉልኝ። ማራገቢያውን የወሰድከው ወይም የወሰድሽው ወዳጄ ግን፣ እባክህን፣ እባክሽን፣ እስከ ሐሙስ ቀትር ድረስ መልሱልኝ፤ አታሳፍሩኝ።