እድራችን የመረቀው አንቴና

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነበር። ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ ያለውን ሰፈር ግቢ በግቢ አውቀዋለሁ። ላፍቶ ላይ አባቴ በሬ ጠምዶ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ነበረን። ኋላ ማሳው ላይ ፎቅ ተሠራበት፤ እኔም ፎቁ ሥር የተቀበረውን ቆጣሪ ማንበብ ጀመርኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ቁጥር ላይ ግን አልታማም።

ቆጣሪ ማንበብ ሲያወሩት ቀላል ነው። በር ታንኳኳለህ፣ «ቆጣሪ!» ትላለህ፣ ውሻ ይጮሃል፣ ሠራተኛዋ ከውስጥ ሆና «እትዬ የሉም» ትላለች። እንደምንም ስትገባ የጉድጓዱ ክዳን ላይ አሮጌ ጎማ ተጭኖበታል። ጎማውን አነሣህ፣ ክዳኑን ከፈትክ እንበል። ክረምት ከሆነ ጉድጓዱ በድፍርስ ውሃ ጢም ብሏል፤ ቁጥሩ የት እንዳለ እንኳ አይታይም። ከጓደኞቼ መካከል በግምት ጽፎ የሚሄድ ነበር። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የሻይ ብርጭቆ እይዝ ነበር። ብርጭቆውን ደፍቼ ቀጥ አድርጌ ወደ ታች እጫነዋለሁ። ውስጡ ያለው አየር ድፍርሱን ውሃ ገፍቶ ያስወጣዋል፤ አፉ ቆጣሪው ላይ ሲያርፍ በቂጡ በኩል አጮልቄ ቁጥሩን አነባለሁ። ማንም አላሳየኝም፤ እጄ ጭቃ ውስጥ ሲሰለች ያገኘው ዘዴ ነው።

የመጨረሻዋ ልጄ መሐንዲስ ሆነች። ከመሥሪያ ቤት መልስ ጓዳ ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሽቦ ስታጥፍና ስትዘረጋ ሦስት ዓመት አሳለፈች። አንድ ቀን ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቅኳት። ቆጣሪው ራሱ ቁጥሩን በሬዲዮ ይልካል፣ አንባቢው መንገድ ላይ ቆሞ ይቀበላል፤ ክዳን ማንሣት የለም፣ ውሻ የለም አለችኝ።

«እንጀራችንን ልትዘጊው ነዋ?» አልኳት።

«አባዬ፣ አንተ ጡረታ ወጥተሃል።»

«የሚተኩኝስ?»

«የሚተኩህ ወገባቸውን አያማቸውም።»

ችግሩ ክዳኑ ነው። ብረት ስለሆነ የሬዲዮውን ድምፅ ያፍነዋል። ስለዚህ አንቴናው ክዳኑ ላይ በምትበሳ ጠባብ ቀዳዳ ሥር መንጠልጠል አለበት፤ ለዚያ ደግሞ በጣም ማነስ አለበት። ሽቦውን አጣጥፋ አጣጥፋ የክብሪት ቀፎ አሳከለችው። የሚሠራ መሆኑን ባየች ቀን እንደ ልጅነቷ ተንጠላጠለችብኝ። ከዚያም «ወረቀቱን እስካስገባ ድረስ ለሰው እንዳትናገር» አለችኝ። ወረቀት ያለችው የፓተንት ማመልከቻውን ነው። የፈጠራ ሥራ የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ይመረምረዋል፤ ከእሷ በፊት ማንም ያላሰበው ከሆነ የእሷ መሆኑን ይጽፍላታል።

እኔም ለሰው አልተናገርኩም። ለእድር ነው የተናገርኩት።

ይህን ስል ለቀልድ አይደለም። በእኛ ሰፈር አዲስ ነገር ሳይመረቅ ሥራ አይጀምርም። መኪና የገዛ መኪናውን አምጥቶ ድንኳኑ በር ላይ ያቆማል፤ ዲግሪ የያዘ ዲግሪውን ይዞ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ያላዩትን አይመርቁም። በእጃቸው ይዘው፣ አገላብጠው፣ ዋጋውን ጠይቀው፣ ትንሽም አጣጥለው ነው የሚመርቁት። ሰው ማለት ለእኔ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ነው። እድር አባቴን የቀበረ፣ እኔንም የሚቀብረኝ ነው። ስለዚህ ልጄ ሥራ በሄደችበት እሁድ አንቴናውን በመሐረብ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ።

ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጎረቤቴ የሆነው አሮጌ ራዲዮ ጠጋኝ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አየው፤ እጥፉን አንድ በአንድ በጥፍሩ ቆጠረ።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አለ። «ግን ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላስ? ይኼ እኮ ውሃ ውስጥ ድዳ ነው።»

«አንተ ደግሞ ሰርግ ላይ ዝናብ ትጠራለህ» አለው የእድሩ ዳኛ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። መልስ ስላልነበረኝ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁት። ማታ ቤት ስገባ አንቴናውን ወደ ቦታው መልሼ፣ እንደዋዛ «ልጄ፣ ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላስ?» አልኳት። በነጋታው የፕላስቲክ ኩባያዎች ገዝታ መጣች። ከጥቂት ወራት በኋላ አንቴናው በተደፋ ትንሽ ኩባያ ውስጥ ሆኖ ከክዳኑ ሥር እንዲንጠለጠል አድርጋ ሠራችው፤ ማመልከቻውንም አስገባች። እኔም ነገሩን ረሳሁት።

ደብዳቤው የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። «መርማሪ» የሚለው ቃል በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ደስ አይልም፤ ልጄ ግን የፓተንት መርማሪ የሚይዘው ወረቀት እንጂ ሰው አይደለም ብላ አሳቀችኝና ጮክ ብላ አነበበችልኝ። መርማሪው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ በውጭ አገር እንዲሁ የታጠፈ የቆጣሪ አንቴና ተመዝግቧል፤ የአንቺ በምን ይለያል? ሁለተኛ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሥራው ለሕዝብ ታይቷል ወይ? ታይቶ ከሆነ መቼና ለማን? በፊርማሽ አረጋግጪ።

«ሁለተኛው ቀላል ነው» አለች። «ለማንም አልታየም ብዬ እፈርማለሁ። የሚያስጨንቀኝ አንደኛው ነው።»

«ታይቶ ቢሆንስ?» አልኳት።

«አስቀድሞ የታየ ነገር አዲስ አይባልም አባዬ። ያኔማ ሦስት ዓመቴ ገደል ገባ ማለት ነው።»

በዚያች ሰዓት መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። በማግስቱ ጠዋት ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄድኩ፤ ምናልባት ያ እሁድ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ይሆን ብዬ ራሴን እያታለልኩ።

«ቀኑን ትጠይቀኛለህ?» አለኝ ዳኛው። «በእኛ እድር እኮ ቢያስነጥሱም ይጻፋል!» ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ አወጣና በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ። «በልዩ ልዩ ጉዳይ፦ የአባላችን ልጅ የሠራችው የቆጣሪ አንቴና ለጉባኤው ቀርቦ ከእጅ ወደ እጅ ታይቷል። የታጠፈ ሽቦ ሆኖ መጠኑ የክብሪት ቀፎ ያህላል። አንድ አባል ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላስ ብለው ጠይቀው መልስ አልተገኘም። ተመርቋል።» ከሥሩ ቀኑ አለ፤ ከቀኑ ጎን ደግሞ ክብ ማኅተም። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ነው፣ ያውም በወራት።

ፊቴን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዳኛው በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተና መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው።

«ቅደደው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ገጹን ነዋ። ሻይ ፈሰሰበት እንላለን። አባሉም እንደሆነ ምንም አላየንም ይላል፤ አንድ ሰው እንኳ አያፈነግጥም። የአንተ ልጅ የእኛም ልጅ ናት።»

ከልቡ ነው ያለው። ገጹን እያየሁ ቆየሁ። ስለ አንቴናው ከተጻፈው በላይ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት የለቡ ሴት በአባልነት መመዝገቧ ተጽፎ ነበር። ገጹ ቢቀደድ የእሷም መመዝገብ አብሮ ይሄዳል። የሴትዮዋ ስም ገጹ ላይ ባይኖርስ ኖሮ? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ባይኖርም የምቀድደው አልመሰለኝም። ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ እንኳ በግምት ጽፌ የማላውቅ ሰው፣ አሁን በልጄ ፊርማ ልዋሽ?

«ቅጂ አድርግልኝ» አልኩት። «ማኅተምም ምታበት።»

«አብደሃል?» አለኝ። ቅጂውን ግን አደረገልኝ።

ልጄ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ለሰው እንዳትናገር አላልኩህም?»

«እድር እኮ ነው ልጄ…»

«እድር ሰው አይደለም?»

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ የጓዳውንም መብራት አጥፍታ ወጣች። ለሦስት ቀን ምሳ ሰዓት ላይ «ጨው አቀብለኝ» ከማለት በቀር አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን «ልበስና እንሂድ፤ ለመርማሪው ራስህ ትነግረዋለህ» አለችኝ። ከላፍቶ ታክሲ ይዘን መሥሪያ ቤቱ እስክንደርስ እሷ በመስኮት ወደ ውጭ፣ እኔ ጫማዬን ስናይ ሄድን።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት። መሐረቡን እንኳ አልደበቅሁም። እሱ ቅጂውን እያነበበ ፈገግ አለ።

«አባባ፣ ይኼን የጻፉት የእድር ጸሐፊ እዚህ ቢቀጠሩልን ጥሩ ነበር።» ከዚያ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «ያን ቀን ኩባያው ነበረ?»

«የቱ ኩባያ?»

«አንቴናው የተከደነበት።»

«ኧረ አልነበረም። ሽቦው ብቻ ነው። ቢኖርማ ለራዲዮ ጠጋኙ መልስ እሰጠው ነበር።»

«እዚህም ‹መልስ አልተገኘም› ይላል፤ ቀንና ማኅተም አለው» አለና ወደ ልጄ ዞረ። «የሽቦው አስተጣጠፍ እንደሆነ እናንተ እድር ሳትወስዱትም በውጭ አገር ተመዝግቧል። እሱን ከጥያቄሽ ማውጣት አለብሽ። በተደፋ ኩባያ አየር ይዞ አንቴናውን ከውሃ መጠበቁን ግን እስካሁን ባገላበጥኩት ሰነድ ውስጥ አላገኘሁትም፤ እድሩም አላየውም። ከየት አመጣሽው?»

ልጄ ዘወር ብላ እኔን አየችኝ። «ልጅ ሆኜ» አለች፣ «ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አባዬ ሥራ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ጉድጓዱ ውሃ ሲሞላ ብርጭቆ ደፍቶ ነው የሚያነበው።»

ያን ብርጭቆ የት እንደጣልኩት እንኳ አላስታውስም። እሷ ከጎኔ ቁጢጥ ብላ ታይ እንደነበርም ረስቼዋለሁ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ «ሽቦው ግን ሄደ አይደል?» አልኳት።

«ሽቦው ሄደ» አለች። ሦስት ዓመቷን የፈጀባት ሽቦው ነው። ኩባያው የጥቂት ወራት ሥራ ነው። ትንሽ ቆይታ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ ወያላው ሒሳብ ሲጠይቅም አላነሣችውም።

ማመልከቻዋን አሳጥራ ጻፈችው። ፓተንቱ በኩባያው ተሰጣት፤ ወረቀቱ ሲመጣ ከእድሩ መዝገብ ይልቅ ቀጭን ሆኖ አገኘሁት። በዚያ ወር እሁድ ራሷ «አሁን ለፈለግኸው አሳይ» ብላ አንቴናውን ከነኩባያው እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

እድር ይዤው ስሄድ ዳኛው «ያኔ የመረቅነው ሽቦውን ነው፤ ይኼ አዲስ ምርቃት ያስፈልገዋል» ብሎ መዝገቡን ገለጠ። ራዲዮ ጠጋኙ ግን መጀመሪያ ባልዲ ውሃ አስመጣ። ኩባያውን ደፍቶ እስከ ክንዱ አጠለቀው፣ ቆየ፣ አወጣው፣ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰዶ ሽቦውን ዳበሰ።

«ደረቅ ነው» አለ። ሰው አጨበጨበ። እሱ ግን አላጨበጨበም፤ የኩባያውን ማንጠልጠያ እያገላበጠ ያያል።

«ምነው?» አልኩት።

«የሚንጠለጠለው ከብረት ክዳኑ ላይ ነው አይደል? ሰፈራችን ውስጥ ስንት ክዳን ተሰርቆ ለቁራሌ ተሽጧል። ክዳኑ ሲሰረቅ…»

አላስጨረስኩትም። በአንድ እጄ አፉን፣ በሌላው ክንዱን ይዤ ከድንኳኑ ጎትቼ አወጣሁት። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ ብዕሩን እንዳነሣ ቀረ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለ መንገድ ላይ፣ ኮቱን እያስተካከለ።

«እዚያ አትናገረው። መጀመሪያ ቤት መጥተህ ለእሷ ንገራት።»

ጠጋኙ እየሳቀ ተከተለኝ። ልጄ ጓዳ ውስጥ ነበረች። ጥያቄውን ነገራት። እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ተነሥታ በሩን ዘጋችና እርሳስ ፈለገች።