ጠበል የነካው ፓወር ሰፕላይ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ። ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ነበር፣ ከዳግም ትንሣኤ ማግስት። በፋሲካ ሳምንት ሥራ የማይነካው ገበሬ አቤቱታውን ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት የሚጎርፍበት ቀን ነው።

ጥሩብርሃን ገብረ ኪዳን የማስነሻውን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተጫነችው። ምንም የለም። በሩ ላይ ከአምበር የመጡ አራት ሰዎች የመሬት ክርክር ሊያስጽፉ ቆመዋል።

“ዛሬ አልጽፍም” አለቻቸው። “ዕቃው ታሟል። ማዶ ሔዋን ዘንድ ሂዱ።”

“እኛ አንቺን ብለን ነው የመጣን።”

“እኔም እሱን ብዬ ነው የተቀመጥሁ።”

ዕድሜዋ አርባ አንድ ነው። አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ የላትም። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመረች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከነዚህ ውስጥ አሥራ ሦስቱን የጻፈችው በእጅ በሚመታ የጽሕፈት መኪና ነበር። በከተማው የምትታወቀው ባለጉዳዩ ያላለውን ባለመጻፍ ነው። “ዳኛው እንዲራራ ሁለት ቃል ጨምሪበት” የሚላት አይጠፋም። “የሚያራራውን ቃል አንተ ተናገር፤ የእኔ ሥራ የጣት ነው” ትለዋለች።

ኮምፒውተሩን የገዛችው በጥቅምት፣ የዕቁብ ዕጣዋ ሲደርሳት፣ አዲስ አበባ ካለ ሱቅ ነው። የአንድ ዓመት ዋስትና አለው።

ችግሩን መጀመሪያ ራሷ ፈለገችው። አምፖሉ በርቷል፤ ስለዚህ መብራት አልጠፋም። ሶኬት ቀየረች፤ ያው ነው። የሞኒተሩን ገመድ ነቅላ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካች፤ ሁለቱ ገመዶች አንድ ዓይነት ናቸው። አልሠራም። የኮምፒውተሩ ገመድ ግን ሞኒተሩን አበራው። ገመዱም ደኅና ነው ማለት ነው።

ድረስን ጠራችው። ድረስ ጎረቤቷ ነው፤ ቴፕና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ገና ከበሩ ሳይገባ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

“እትዬ ጥሩ፣ እኔ አልነካውም። የዋስትናው ማኅተም ከተቀደደ ያ ሱቅ ‘አናውቅሽም’ ነው የሚልሽ።”

ወደ ሱቁ ደወለች። ሄለን የምትባል ሠራተኛ አነሣች። የኮምፒውተሩን ጎን መክፈት ይቻላል፤ ማኅተሙ ያለው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው አለች። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት ለኮምፒውተሩ በሚስማማው ልክ የሚያከፋፍል፣ ከኋላ በኩል የተገጠመ፣ የራሱ ማራገቢያ ያለው የብረት ሳጥን ነው። ሄለን የመሞከሪያውን መንገድ በስልክ ነገረቻቸው። መብራቱን ንቀሉ። ሳጥኑን ከሌላው ዕቃ ሁሉ አላቅቁት። ከወፍራሙ የሽቦ እቅፍ አረንጓዴውን ከጥቁሩ ጋር በወረቀት ክሊፕ አገናኙ። ከዚያ መብራቱን መልሳችሁ ሰኩ። ማራገቢያው ከዞረ በሽታው ሌላ ቦታ ነው። ካልዞረ የሞተው እሱ ነው።

ድረስ ከአንድ መዝገብ ላይ ክሊፕ ነቅሎ አቃናና መልሶ አጎበጠው። እንደተባለው አደረገ። ማራገቢያው አልዞረም።

“ሞቷል” አለ። “ደግ ነው። ዋስትና አለሽ፣ ይቀይሩልሻል።”

ከዚያ የእጅ ባትሪውን አብርቶ የማራገቢያውን ወንፊት አየ።

“እትዬ፣ ይሄ ነገር ውሃ ነክቶት ያውቃል?”

ወንፊቱ ላይ የደረቁ ነጫጭ ጠብታዎች ነበሩ። ከሥራቸው ያለው ብረት ዝጓል።

ጥሩብርሃን መልሱን ታውቀዋለች። ኅዳር ሚካኤል ዕለት አባቷ የኔታ ገብረ ኪዳን በሃይላንድ ጠርሙስ የዲማ ጠበል ይዘው መጡ። በእነሱ አገር አዲስ ቤትም ሆነ አዲስ በሬ፣ የወፍጮ ሞተርም ቢሆን፣ ጠበል ሳይረጭ ሥራ አይጀምርም። እሷ ይህን አውቃ የኮምፒውተሩን ፊት በፎጣ ሸፍናለች። ዓይናቸው የደከመው የኔታ ግን ጠረጴዛውን እየዳሰሱ በኋላ በኩል ዞሩ። ያየቻቸው ሦስቴ ከረጩ በኋላ ነው። አላበራችውም፤ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጠበቀች። ከዚያ አምስት ወር ያለ እንከን ሠራ።

ድረስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “በጥርስ ብሩሽ ላጽዳው? ሱቁ የሚጠይቅሽ አንድ ጥያቄ ነው። አልነካውም በይ፣ አለቀ።”

“አታጽዳው” አለች። ስለ መልሱ ግን ምንም አላለች።

ሌላ ለመግዛት አቅም የላትም። ቢሆንም የከበዳት እሱ አልነበረም። የኔታ በዚያ ሰሞን የዓይን ሞራ ለመታከም መጥተው እሷ ቤት ነበሩ። ዲማ ላይ አርባ ዓመት ቅኔ አስተምረዋል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ተማሪዎቻቸውን ለሌላ መምህር አስረክበዋል፤ የቀራቸው ሥራ መባረክ ብቻ ነው። ያ የባረከ እጅ የልጃቸውን እንጀራ አበላሸ የሚል ነገር እንዲሰሙ አልፈለገችም።

አራት ሰዓት ላይ እንደ ልማዳቸው በትራቸውን እየመቱ መጡ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

“ዛሬ ዝም ብሏል ቤቱ” አሉ።

“መብራት ሄዷል፣ አባዬ።”

ማዶ የጎረቤታቸው የአወቀ የመብራት ወፍጮ ይጮሃል። የኔታ ጆሯቸውን ወደዚያ አዘነበሉ።

“አወቀ በምንድን ነው የሚፈጨው፣ በጸሎት ነው?”

ድረስ ሳቁን ይዞ ወጣ።

“ተበላሽቷል” አለች ጥሩብርሃን። “አዲስ አበባ ወስጄ አስቀይረዋለሁ።”

“ምን ነካው?”

“እንጃ።”

የኔታ ሌላ አልጠየቁም። ምሳ ላይ ግን “እኔም እሄዳለሁ” አሉ። “ዓይኔን የዚያ አገር ሐኪም ይየው።”

ረቡዕ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈሩ። የኔታ ፓወር ሰፕላዩን በጋቢ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ያዙት። ረዳቱ መጥቶ ዕቃውን ወደ ላይ ልስቀለው አላቸው።

“አንተ ወደ ላይ ውጣ” አሉት። “እሱ ከእኔ ጋር ነው።”

ከደጀን በኋላ አውቶቡሱ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ሙቀቱ በረታ። የኔታ ጋቢውን ፈታ አደረጉ። ጣታቸው ወንፊቱ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ።

“ይሄ የሻከረው ምንድን ነው?”

“አቧራ ነው።”

“አቧራ” አሉ የኔታ። ጋቢውን መልሰው ጠቀለሉት።

ዘመድ ቤት አደሩ። ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ሄለን ፊት ተቀመጡ፤ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት፣ ፈጣን ልጅ ናት። ቅጽ አወጣች። የተገዛበትን ቀን ከደረሰኙ ላይ፣ ቁጥሩን ከሳጥኑ ላይ ገለበጠች።

“ወድቆ ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“ፈሳሽ ነክቶት ያውቃል?”

ጥሩብርሃን በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ፊቷ ተቀምጦ ሲዋሽ ያየችው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ከመዋሸቱ በፊት አንገቱን ይነካል። አሁን የእሷ እጅ አንገቷ ላይ ነበር።

“ልጄ” አሉ የኔታ፣ “ፈሳሽ ስትይ ጠበልም ይቆጠራል?”

ሄለን እስክሪብቶዋን አቆመች። “ጠበል?”

“የዲማ ጠበል ነው። የረጨሁት እኔ ነኝ፣ ኅዳር ሚካኤል ዕለት። እሷ አልነገረችኝም። በጣቴ ዳስሼ ነው ያወቅሁት።”

“አባቴ፣ ‘ነክቶታል’ ብዬ ከጻፍሁ እኮ ዋስትናው ሊሰረዝ ይችላል።”

“የሆነውን ነዋ የምትጽፊው!”

ሄለን ወደ ጥሩብርሃን ተመለከተች። ጥሩብርሃን እጇን ከአንገቷ አወረደች።

“ጻፊው” አለች።

ሄለን ጽፋ ሳጥኑን ወደ ውስጥ ወሰደችው። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ።

“ተቆጣሽ?” አሉ የኔታ።

“አልተቆጣሁም።”

“በሬ ረጭቻለሁ። የአወቀን ወፍጮ ረጭቻለሁ። አንድም አልሞተብኝ። ይሄ ግን ሆደ ባሻ ነው መሰለኝ።”

ሳታስበው ሳቀች። ከሰኞ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ገልብጠው ዘርግተው፣ የማያዩትን እጃቸውን ይመለከቱ ነበር።

ከውስጥ አለበል የሚባል ጠጋኝ ወጣ። ማኅተሙን መክፈት የሚፈቀድለት እሱ ነው።

“ውሃው ወንፊቱ ላይ ነው የቀረው” አለ። “ወደ ውስጥ አልገባም። ውስጡ መብራት የሚያጠራቅሙ፣ ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ካፓሲተሮች አሉ። ሦስቱ አብጠው ፈንድተዋል። ከእሱ ጋር በአንድ ጭነት የመጡ ሌሎች አምስትም እንዲሁ ሆነው ተመልሰውልናል። የፋብሪካ ጥፋት ነው፤ እንቀይርላችኋለን።”

ጥሩብርሃን በረጅሙ ተነፈሰች። የኔታ ግን ፊታቸውን ወደ ጠጋኙ ድምፅ አዞሩ።

“የየት አገር ልጅ ነህ?”

“የደጀን ነኝ፣ የኔታ።”

“የደጀን ልጅ ሽማግሌ ማሳዘን አይወድም። ለእኔ ብለህ ነው?”

አለበል ተመልሶ ገባ፤ ከሳጥኑ የወጣውን፣ ካፓሲተሮቹ የተተከሉበትን ሰሌዳ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

“ያጠራቀመውን መብራት አፍስሼዋለሁ፤ አይነካዎትም። ጣትዎን ይስጡኝ።”

አመልካች ጣታቸውን ይዞ አንዱ ካፓሲተር አናት ላይ አሳረፈው። “ይሄ ደኅናው ነው።” ዝርግ ነበር፣ እንደ ሳንቲም። ቀጥሎ ወደ ጎኑ ወሰደው። “ይሄ የሞተው።” አናቱ አብጦ መሐሉ ተሰንጥቋል።

“ሌላው የት አለ?” አሉ የኔታ።

“ወደ ቀኝ ትንሽ።”

“ተው፣ እኔ አገኘዋለሁ።”

አገኙት። ሦስተኛውንም አገኙ። ወደ ደኅናው ተመለሱ፣ እንደገና ወደ ሞቱት። አንድ ተማሪ ባቀረበው ቅኔ ላይ ስሕተት እንደሚፈልጉ ዓይነት ፊታቸውን አጥብቀው ነበር። ሱቅ ውስጥ የነበሩ ሁለት ደንበኞች ወሬያቸውን አቁመው አዩአቸው።

“ከውስጥ ነው የተነፋ” አሉ በመጨረሻ።

“ከውስጥ ነው፣ የኔታ።”

“በእነዚህ በኩል ዝገት የለም።”

“የለም።”

የኔታ ጣታቸውን አነሡና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። “እግዚአብሔር ይስጥህ” አሉ። አለበል ሰሌዳውን አንሥቶ ቶሎ ገባ።

ሄለን ቅጹን ጨርሳ ማኅተም አደረገችበት። ፈሳሽ በሚለው መስመር ላይ “ጠበል ነክቶታል፤ የብልሽቱ ምክንያት ግን አይደለም” ይላል። አዲሱን ፓወር ሰፕላይ ከካርቶኑ አውጥታ፣ ማራገቢያው ሲዞር አሳይታ፣ መልሳ አሸገችው።

ውጭ ፀሐይ ነበር። ጥሩብርሃን ካርቶኑን በአንድ እጇ፣ አባቷን በሌላው ያዘች።

“ልትዋሺ ነበር” አሉ።

“አዎ።”

“ለዕቃው ብለሽ ነው ለእኔ?”

“ለሁለታችሁም።”

“ይበልጥ ለማን?”

ጥቂት እርምጃ ሄዱ።

“ለእርስዎ” አለች።

የኔታ ክንዷን ጠበቅ አደረጉት። “እንግዲያው ለነፍስ አባትሽ ስትነግሪ አብረን እንሄዳለን። የአሳሳቹም ድርሻ አለበት።”

“እሺ። አሁን ግን ፈጠን ይበሉ” አለች። “የዓይን ሐኪሙ ቁጥር የሚሰጠው እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነው።”