የቀዳዳው ውታፍ

እትዬን ጓሮ አንሶላ ሲያሰጡ ደረስኩባቸው። አፋቸው የልብስ መቆንጠጫ ይዞ ስለነበር በአገጫቸው ወደ በረንዳው ጠቆሙኝ፤ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። እሳቸው ሲቀመጡ ያየሁት ግን ከመሸ በኋላ ነው።

ቤቱ አያታቸው የሠሩት የእርሻ ቤት ነው። ከፊቱ ባለው ማሳ አንድ ዘመን ሁለት ጦር ቀኑን ሙሉ ሲታኮስ ዋለ። ቤተሰቡ ድንች የሚያከማችበት ምድር ቤት ገብቶ ተረፈ፤ የፎቁ ክፍል የጣውላ ግድግዳ ግን በጥይት እንደ ወንፊት ተበሳሳ። ዛሬ ሰው የሚመጣው እዚያ ክፍል ለማደር ነው።

እንግዳውን በመኪና የሚያመላልሱት የእትዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቤቱ የሁለቱ ነው። ጎረቤት «ጄኔራሉ» ይላቸዋል። ጠመንጃ ጨብጠው አያውቁም፤ ውጊያውን ሲተርኩ ግን ሁለቱንም ጦር ያዘዙት እሳቸው ይመስላሉ። እኔንም በረንዳው ላይ አውርደውኝ፣ ነገ ባልና ሚስት ይዤ እመጣለሁ ብለው ሄዱ።

ማታ ሾርባ ስንጠጣ እትዬ የሆዳቸውን አጫወቱኝ። ንፋሱ በቀዳዳዎቹ ገብቶ፣ በደረጃው ወርዶ እሳቸው አልጋ ድረስ ይመጣል። ደረታቸው ደግሞ ብርድ አይወድም። ስለዚህ እንግዳ በሌለ ጊዜ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ይወትፋሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ይነቅላሉ። ጄኔራሉ፣ ሰው የመጣው ቀዳዳ ሊያይ ነው፣ ጨርቅማ ቤቱም አለው ይላሉ። ስንት ዓመት ሙሉ መወተፍ፣ መንቀል፣ መወተፍ። አሁን ጉልበታቸውም ከድቷቸዋል። ብርዱ ሳይጠነክር ግድግዳው ካልተደፈነ ቤቱን ትቼ ልጄ ዘንድ እገባለሁ ብለው ለወንድማቸው ነግረዋቸዋል። ወንድምየው ዛቻ መስሏቸው ሳቁ።

«ዛቻ አይደለም ልጄ፤ ደክሞኝ ነው» አሉኝ፣ ሳህኑን እየሰበሰቡ።

ወደ ፎቅ ወጣሁ። ጋደም ከማለቴ ንፋሱ ጆሮዬ ላይ ያፏጭ ጀመር። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ተመልሼ ወረድኩ።

«እትዬ፣ ጨርቆቹ የት ናቸው?»

ትክ ብለው አዩኝና ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው እንግዳ የለም። ሌላው ሲንዘፈዘፍ አድሮ፣ ጠዋት አፍንጫውን እየጠረገ ታሪኩ ተሰማኝ ብሎ ይሄዳል።

ጨርቆቹን በቅርጫት ይዘን ወጣን። ሁሉም ቀዳዳ የራሱ ውታፍ አለው። የሟች ባለቤታቸው የሸሚዝ ኮሌታ በመስኮቱ ሥር፣ የልጃቸው የትምህርት ቤት ቀሚስ ጠርዝ ከበሩ አጠገብ። ትልቁን ቀዳዳ የሚሞላው የጄኔራሉ የሠርግ ክራቫት ብቻ ነው። አንዱ ቀዳዳ ደግሞ ሟቹ ባለቤታቸው መደርደሪያ ልስቀል ብለው በመሰርሰሪያ የበሱት ነው፤ እንግዳ ፎቶ የሚያበዛው እሱ ላይ ነው አሉኝ። ወትፈን ስንጨርስ ቤቱ ጭር አለ።

ጠዋት ስነሳ እትዬ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። እንግዳ እየመጣ ነው፣ ጨርቁም አልተነቀለም። ከወንበራቸው አጠገብ የታሰረ ሻንጣ አለ። ልንቀለው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው አይሆንም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጄኔራሉ ባልና ሚስቱን ይዘው ደረሱ፤ ሻንጣውን ሳያዩ ማሳውን እያሳዩ፣ እያዋጉ ወደ ፎቅ ወሰዷቸው። ወዲያው ድምፃቸው ተቋረጠ። ክራቫቱን በእጃቸው ይዘው ወረዱ፤ እንግዶቹም ተከተሏቸው።

«ምነው እህት ዓለም፣ በሰው ፊት?» አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ አልተነሱም። «ጋሼ፣ እነሱ አንድ ቀን ተዋግተው ሄዱ። ከቀዳዳው ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ። ለሰው ሲተርኩ ይቺንም ይጨምሩባት፤ ካልሆነ ሻንጣዬ ይኸውና።»

ሚስትየዋ ጨርቆቹ የማን የማን እንደሆኑ ጠየቀች። ጄኔራሉ መጀመሪያ ሻንጣውን፣ ቀጥሎ ክራቫቱን አዩ። የሠርጋቸው መሆኑን እስከዚያች ሰዓት ያወቁ አልመሰለኝም። ከዚያ ክራቫቱን እንደያዙ ደረጃውን እያቃሰቱ ተመልሰው ወጡ። ሲወርዱ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። የእንግዶቹን ዕቃ ከመኪናው አምጥተው የእህታቸውንም ሻንጣ ከወንበሩ አጠገብ አንስተው ወደ ውስጥ አስገቡት።

እትዬ ግን ይህን አላዩም። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።