ፒያኖውና ፍም የሞላው ማንደጃ

በጣልያን ጊዜ እናቴ ደብረ ማርቆስ አንድ የጣልያን መኮንን ቤት በጽዳት ትሠራ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር የሰውዬው ፒያኖ ቅኝቱን ይስታል፤ እሱም «በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልሽ ነው» ብሎ ሊያባርራት ይዝታል። እሷ የረገበ ከበሮ እሳት ሲሞቅ እንደሚጠብቅ ታውቃለችና ፍም የሞላ ማንደጃ ከፒያኖው ሥር አኖረች። እንጨቱ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ ቅኝቱ ጭራሽ ጠፋ። ከውስጡም የአይጥ ሽንትና መኮንኑ ራሱ ሰክሮ የደፋበት ወይን ጠጅ ግማት ወጣ።

መኮንኑ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ «በእጅሽ አውጪው!» አላት። የበሰበሰ አይጥ ከነጎጆው ጎትታ አወጣች። እሱ ሳቀ።

«እንግዲህ ከግማትህ ጋር ዝፈን!» ብላ እግሩ ሥር ጣለችለትና ደጅ ቆሜ ስጠብቃት የነበርኩትን እኔን ይዛ ሄደች። ቤት ገብታ እጇን በአመድ ስታሽ አመሸች። ወደዚያ ቤት ዳግመኛ አልሄደችም።