ቤት የገባ ደንበኛ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ዕለት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሰባት ሰዓት የምለው በእናቴ አቆጣጠር ነው፤ ከመስኮታችን ውጭ ላለችው ካይሮ አንድ ሰዓት ነበር። አጎቴ ሳያንኳኳ ገባና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «እልል በሉ! ሥራ አገኘሁላት!» አለ።

እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የዳቦ ቆሎ ሊጥ በመቀስ እየቆረጥኩ ነበር። መቀሱ እጄ ላይ ቀጥ አለ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ዛማሌክ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ለአንድ ቤተሰብ ሹፌር ሆኖ ይሠራል፤ መኪናው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሳይተዋወቀው አይወርድም። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ሄሊዮፖሊስ ውስጥ የጉዞ ቢሮ አለው። የሚፈልገውም አረብኛ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ የምታውቅ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ የምታነሳ ልጅ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ የያዘው «ቀኑን ሙሉ ስልክ» የሚለውን ብቻ ነው።

እኔ ከሰው ጋር ማውራት እንደ ሌላው ሰው የማይቀለኝ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ በተማርኩባቸው አራት ዓመታት ማይክሮባስ ውስጥ «እዚህ ጋ አቁምልኝ» ብዬ ጮኼ አላውቅም። ሌላ ሰው አስቁሞ ሲወርድ ተከትዬው እወርዳለሁ። ብዙ ቀን ሰፈሬን አልፌ በእግሬ ተመልሻለሁ። አንድ ጊዜ ማንም ሳይወርድ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ሹፌሩ ዞር ብሎ «ቤትሽ እዚህ ነው?» ሲለኝ፣ ሰውየው እንዳይጨነቅ ብዬ «አዎ» አልኩና ወረድኩ። ከኋላዬ እስኪሰወር ድረስም ወደማላውቀው ሕንፃ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ።

«ለመልሱ እስከ መጪው ቅዳሜ ይታገሱሻል» አለ አጎቴ። «እምቢ ካልሽ ግን ደውለሽ ራስሽ ንገሪያቸው። እኔ ያመጣሁትን ሥራ እኔው አላፈርስም።»

እውነቱን ለመናገር፣ ደውሎ እምቢ ከማለት መቀጠር ይቀላል ብዬ ያሰብኩበት ደቂቃ ነበር።

ግን የተማርኩት ንግድ ነው። ሰውን በአፌ ማሳመን ባልችል በወረቀት ማሳመን እችላለሁ። መኝታ ቤቴን ዘግቼ «በቤት ውስጥ የዳቦ ቆሎ ንግድ የመጀመር የገንዘብ አዋጭነት» የሚል ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ሲያልቅ ይዤው ሳሎን ድረስ መውጣት ስላፈርኩ ለእናቴና ለአጎቴ በዋትስአፕ ላክሁላቸውና ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ።

አጎቴ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። «ኪራይ፣ ዜሮ፤ ለቤቱ ድሮም እየከፈልን ስለሆነ። ትራንስፖርት፣ ዜሮ። ሄሊዮፖሊስ ለመድረስ ግን ሁለት ማይክሮባስና አንድ ሜትሮ፤ ለመመለስም እንደዚያው። ከደመወዙ ሲሦው ቢሮ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ውጭ የሚበላ ምሳ፣ ጫማ፣ የፀጉር መሠሪያ ሲቀነስ…» ቁጥሩን ሁለቴ አነበበው። «ይኼ የቀረው ነው? ይኼማ ለእኔ የሲጋራ አይበቃም!»

«ቀጥል» አለች እናቴ።

«የሥራ መሣሪያ፣ አንድ መጥበሻና አንድ መቀስ፤ አሉ። የሥራ ልብስ፣ ፒጃማ፤ አለ።»

«ፒጃማ!» አለች እናቴ ለእኔ እንዲሰማ። «አራት ዓመት ያስተማሩሽ ይኼን ነው?»

ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ፣ «እማዬ፣ እባክሽ ሠንጠረዥ ሁለትን ተመልከቺ» ብዬ ጻፍኩላት።

«ሠንጠረዥ ሁለትማ ደህና ነው» አለ አጎቴ። «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ዳቦ ቆሎዋም ይበላል።» እሱን እንኳ ባይነግረኝም ሲቆረጥመው ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ ፈረደ፦ እስከ ዓርብ ማታ ንግዱ አንዲት የግብፅ ጊኒ እንኳ ካተረፈ ኸላስ፣ አለቀ፣ ሥራው ይቅር። ካላተረፈ ቅዳሜ ሄሊዮፖሊስ እሄዳለሁ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ «ስጋት» የሚል ርዕስ ነበረኝ። ከሥሩ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፦ «የለም።» እናቴን ረስቼ ነበር።

እናቴ በዚያው ቀን ለወዳጆቿ ሁሉ የድምፅ መልእክት ላከች። «ልጄ ዳቦ ቆሎ ትሸጣለች፤ ኑ፣ ቤታችሁ ነው!» ጥፋቱ ከዚህ መጀመሩን ያወቅሁት በኋላ ነው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሰኞ መጣች። ዛማሌክ አንድ ቤት ምግብ የምታበስል፣ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የምትበልጥ፣ ሳቂታ ሴት ነች። አራት ፎቅ ወጥታ፣ በር ላይ ቆማ እየተነፈሰች፣ «ሁለት ከረጢት ስጡኝ፤ እቸኩላለሁ» አለች። እኔ ከረጢቶቹን አዘጋጅቼ ይዤ ቆሜያለሁ። ገንዘቡን እጇ ላይ አየሁት።

«ቆመሽ ነው እንዴ የምትገዢው?» አለች እናቴ ከኋላዬ። «ነውር አይደለም? ግቢ፣ ቁጭ በይ!»

«እማማ፣ እቸኩላለሁ።»

«በሞቴ!»

ገባች። ሽሮ ተሠራ። ሰላጣ ተከተፈ። እናቴ ሁለቴ አጎረሰቻት፤ ሦስተኛውን «ለልጆችሽ» ብላ አጎረሰቻት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሴትየዋ ተነስታ ገንዘቧን ስትዘረጋ እናቴ እጇን ይዛ መለሰችባት።

«ቤቴ ገብተሽ? በልተሽ? ከዚያ ልትከፍይኝ? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«እማማ፣ ንግድ ነው እኮ!»

«ንግዱ ሌላ፣ ቤቴ ሌላ።»

ሴትየዋ ሄደች። ገንዘቡን ግን የሶፋው ትራስ ሥር ትታው ኖሮ እናቴ አገኘችው። «ሩጪ፣ መልሺላት!» አለችኝ። አራቱን ፎቅ በፒጃማ ሮጬ ወረድኩ። ሴትየዋ መንገዱ ጫፍ ላይ፣ ባቡር ሐዲዱን ተሻግሮ ወደ ሞሃንዲሲን ሰፈር የሚሄደውን ማይክሮባስ ስትጠብቅ አየኋት። መጥራት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። ማይክሮባሱ መጣ፣ ሄደች። ስለዚህ የራሴን ሽያጭ ገንዘብ ይዤ ደረጃውን ወጣሁና፣ እናቴ «ደረስሽባት?» ስትለኝ ራሴን ነቅንቄ ዋሸሁ። ከዚያ እንደ ሌባ ካልሲዬ ውስጥ ደበቅሁት።

ሳምንቱ በዚሁ አለፈ። ማክሰኞ ሁለት መጡ፣ ረቡዕ ሦስት። ከእያንዳንዳቸው በፊት ከረጢት፣ ከእያንዳንዳቸው በኋላ የሚታጠብ ትሪ። ግማሾቹ ገንዘባቸውን ትራስ ሥር፣ የቲቪው ጀርባ፣ አንዷማ የስኳር ዕቃው ውስጥ እየደበቁ ይሄዳሉ፤ እኔና እናቴ ማን ቀድሞ ያገኘዋል ብለን እንሽቀዳደማለን። እኔ ካገኘሁት ገቢ ነው። እሷ ካገኘችው የሚመለስ አደራ ነው። አጎቴም በየማታው እየመጣ «ጥራት ልቆጣጠር» እያለ አንድ ከረጢት ይጨርሳል።

ሠንጠረዡ ላይ «ሽሮ» የሚል አዲስ ዓምድ ጨመርኩ። ቀጥሎ «ዘይት»፣ ቀጥሎ «ለልጆችሽ»። ሐሙስ ማታ ሁሉንም ደምሬ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ፦ ንግዳችን የሚያተርፈው ማንም ሳይገዛ የዋለ ቀን ብቻ ነበር።

ዓርብ ደግሞ አብዛኞቹ ዕረፍት የሚወጡበት ቀን ነው። አሥራ አንድ ሰው መጣ። ወንበር አልበቃ ብሎ አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። እናቴ በደስታ ፊቷ በርቶ፣ «ዛሬማ ቤታችን ሰርግ መሰለ!» ትላለች። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሄሊዮፖሊስን አስባለሁ። ስልኩ ሲጮኽ፣ እኔ ሳነሳ፣ ከወዲያ ያለው ሰው «ሃሎ? ሃሎ? ሰው የለም እንዴ?» ሲል ይታየኛል።

ጀምበር ሳትጠልቅ አጎቴ መጣና ስልኬ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሳቁን መያዝ አቃተው።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ንግድ አይደለም፤ ዝክር ነው!»

«ምን ላድርግ? ሰው ሲገባ ፊቴን ላዙርበት?»

«አይ፣ አታዙሪ። ልጅቷ ነገ ሄሊዮፖሊስ ትሂድ።» ወደ እኔ ዞረና ለስለስ አለ። «ማሌሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ። ሞክረሻል።»

በረንዳ ወጣሁ። የማለቅስ ከሆነ ቢያንስ ሰው ሳያየኝ ነው ብዬ ነበር፤ ግን ወዲያው እናቴ ተከትላኝ ወጣች። ታች መንገዱ ላይ የአትክልት ጋሪ ቆሟል። እናቴ እዚህ አገር ሰበት የሚሉትን ቅርጫት አነሳችና በገመዱ ወደ ታች ለቀቀችው። ሻጩ ቲማቲም ሞልቶ ላከው። ስባ አውጥታ አንዱን ጨመቀችው።

«ይኼ ቲማቲም ነው ወይስ ሳልሳ?» ብላ በአረብኛ ጮኸችበት።

«ያ ሐጋ፣ እማማ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ቀይ እኮ ነው!»

«ቀይማ የትራፊክ መብራትም ቀይ ነው! አምስት ጊኒ ቀንስ፤ ያለዚያ አንድ በአንድ እወረውርልሃለሁ!»

ቀነሰ። እናቴ ደስ ብሏት ትክክለኛዋን ገንዘብ በቅርጫቱ አወረደች። አንዲት ጊኒ እንኳ አልጨመረችለትም፣ አላዘነችለትም፣ በልተሃል ወይ አላለችውም። ቆሜ አየኋት።

«እማዬ» አልኩ፣ «ይኼን ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

«እሱን? ምን አገባኝ?»

«ለምን?»

«ቤቴ መቼ ገባ? ታች ነው ያለው።»

በሩ ጋ ቆሞ የነበረው አጎቴ መቆርጠሙን አቆመ። እኔ ቅርጫቱን አየሁት። እሱም ቅርጫቱን አየው።

«የእናንተ ነገር!» አለ በመጨረሻ። «እሺ። ያለፈው ኪሳራ በእናትሽ ስም ይጻፍ። ነገ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ገዝቶ ሳይበላ ሲሄድ ልይ።»

ማታውን ማስታወቂያ ጻፍኩ፦ «ዳቦ ቆሎ የምትፈልጉ እባካችሁ ከታች ተጣሩ።» የሕንፃው በር ላይ ለጠፍኩት። ጎረቤት እንዳይታዘበኝ ብዬ ፊደሉን በጣም ትንሽ አድርጌው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በረንዳ ነበርኩ። አጎቴ ሻይ ይዞ አጠገቤ ተቀምጧል። እናቴ ወጥ ቤት ሆና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የሽሮውን ድስት ታለቀልቃለች። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል። ለአራት አሥር ጉዳይ ላይ የሰኞዋ ሴት ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ በመንገዱ ጫፍ ብቅ አለች። ወደ በሩ ቀጥ ብላ መጣች። ማስታወቂያውን አላየችውም፤ እኔም ብሆን አላየውም ነበር። አንድ እግሯን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ልታሳርፍ ነው። ሦስት ሰው ነው፤ ሦስት ትሪ፤ ሄሊዮፖሊስ።

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። እንደገና ከፈትኩት።

«አይግቡ!»

ከፊት ለፊታችን ጣሪያ እርግቦች ተነሱ። ከኋላዬ የድስት ክዳን ወደቀ። ሴትየዋ እግሯን በአየር ላይ እንዳለ ይዛ ቀና አለች።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም! ግን ከገቡ እንግዳ ይሆናሉ!»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«ደንበኛ!»

ቅርጫቱን አወረድኩት። ሴትየዋ የቆመ መኪና ተደግፋ እስኪበቃት ሳቀች። እናቴ እጇን በፎጣ እየጠረገች እየሮጠች ወጣች። «ወይኔ! እንግዳ አባረርሽብኝ! የኔ ልጅ፣ ነይ ውጪ፣ በሞቴ ቁርስ…»

«እማማ፣ ዛሬ ደንበኛ ነኝ!» አለች ሴትየዋ ከታች። «ደንበኛ ቁርስ አይበላም!» ገንዘቡን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠችና ወደ እኔ ቀና አለች። «አንቺ ልጅ፣ ድምፅ አለሽ ለካ!»

አጎቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ኸላስ» አለ።

ቅርጫቱን ስቤ፣ ሦስት ከረጢት አዘጋጅቼ ለማውረድ ስይዘው ከበደኝ። ከከረጢቶቹ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ትኩስ የሆነ ነገር አለ። እናቴ ሰማዩን ታያለች። አጎቴም ድንገት ሰማዩን ያይ ጀመር። እኔም ምራቂ ነው ብዬ፣ ምንም እንዳላየሁ ሆኜ፣ ገመዱን ቀስ እያልኩ ለቀቅሁት።

ከዚያ፣ ጉሮሮዬ ሳይቀዘቅዝ፣ መኝታ ቤት ገብቼ ለሄሊዮፖሊሱ ቢሮ ደወልኩ። የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዣለሁ። ጠራ። ጠራ። እስኪቋረጥ ጠራ። እንደገና ደወልኩ። ሦስተኛውም ሲቋረጥ ገባኝ፤ ያንን ስልክ የምታነሳው ልጅ እኔ ነበርኩ።

አልጋዬ ላይ ተቀምጬ መልእክት ጻፍኩላቸው። ስለ ቅን አሳባቸው አመሰገንኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው በቶሎ እንዲያገኙ ተመኘሁ። ፊደሉን ሦስት ጊዜ አጣርቼ ላክሁት። ከበረንዳው እናቴ፣ «ኧረ ነይ፣ ሌላ ሰው መጥቷል! ምን ልበለው?» እያለች ትጣራለች።

«እንዳይገባ በዪው!» ብዬ ጮህኩ።